የበረኛችን ስም

ሁንግ፣ በረኛው። ላን፣ የሁንግ ሚስት። ታደሰ፣ አምበላችንና ስም አውጪያችን። ሰናይት፣ የእኔ ልጅ። እኔ ወርቁ፣ ኳስ መምታት የማልችል ግን ከሜዳ የማልቀር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለነው እኛ ነን፤ ዳር ቆሞ የሚጮኸው ሕዝብ ሲጨመርበት።

ከእነዚህ ሰዎች የመጀመሪያው ባለፈው ሳምንት ዐረፈ። ላን ሥራ ቦታዬ ድረስ ደውላ ነገረችኝ። ስልኩን ስዘጋ በማዘን ፈንታ ልቤ እንደ ድሮው የእሑድ ከሰዓት በኋላ ድው ድው ይል ጀመር። ሁንግን ሳስብ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርገኛል። ኳስ ወደ እሱ እየበረረች ያለች ይመስለኛል፤ ከመቀመጫዬ ያስነሳኛል። ለቅሶው ይደርሳል፤ አሁን ይህን ለልጆቼ የምጽፈው ግን እየተቻኮልኩ ነው።

ሁንግን ያወቅሁት በምንጣፍ መጋዘን ውስጥ ነው። መጋዘኑ ዳላስ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከምንኖርበት ከሌክ ሃይላንድስ ብዙም አይርቅም። ከኢራን፣ ከሕንድ፣ ከቻይና የመጡ በእጅ የተሠሩ ምንጣፎች ይሸጥበታል። እኔና እሱ ጥቅሉን ተሸክመን መኪና ላይ እንጭናለን፤ ማኪኒና ፍሪስኮ አዲስ ቤት ለገዙ ሰዎች ወስደን እናነጥፋለን። ሁንግ ቁመቱ ከትከሻዬ አያልፍም። እጁ ግን ከሌላ ሰው ተወስዶ የተገጠመለት ይመስላል፤ መዳፉ ሰፊ፣ ጣቶቹ ረዣዥም። ከሳይጎን በጀልባ ወጥቶ፣ ማሌዥያ የስደተኞች ካምፕ ቆይቶ ነው ቴክሳስ የገባው። ይህንን የነገረኝ አንድ ቀን ምሳ እየበላን ነው፤ ድምፁን ከፍም ዝቅም አላደረገም።

በረኛ መሆኑንም ያወቅሁት እዚያው ነው። መሰላል ላይ ቆሜ ሳለ የማሸጊያ ፕላስተር ጥቅል ከእጄ አመለጠ። ሁንግ ከታች ጀርባውን ሰጥቶኛል። «ተጠንቀቅ» ለማለት አፌን ስከፍት እሱ ዞሮ ጥቅሉን ከአየር ላይ ቀልቦ፣ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ በላዩ ላይ ጎንበስ ብሎበት ነበር። ያንን አስተቃቀፍ አውቀዋለሁ። ልጅ አቅፎ ከዝናብ እንደሚከልል ሰው ኳስን የሚያቅፍ በረኛ ብቻ ነው። ከመሰላሉ እየተንደረደርኩ ወረድኩና ጠየቅሁት። በወጣትነቱ ሳይጎን ውስጥ ለአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን ይጫወት እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ ግን ጓንት እጁ ገብቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ዕድሜው ወደ ሃምሳ እየተጠጋ ነበር። «እሑድ ና» አልኩት።

በየእሑዱ የሚጫወተው የእኛ የኢትዮጵያውያን ቡድን በዚያ በጋ በረኛ አልነበረውም። የነበረው ልጅ ሥራ አግኝቶ ሲያትል ሄዷል። ታደሰ በየሳምንቱ አንዱን ያልታደለ እየገፋ ጎል ላይ ያቆማል፤ በየሳምንቱም አምስትና ስድስት ይገባብናል። ታደሰ ታክሲ ነጂ ነው፤ ያኔ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ምላሱ አያርፍም። ሁንግ ከመኪናዬ ገና ሲወርድ በአማርኛ፣ «ጋሽ ወርቁ፣ ቻይናው ኳስ ይችላል እንዴ?» አለኝ።

እኔ ያመጣሁትን ሰው በክብር ላስተዋውቅ ፈለግሁ። እንግሊዝኛን የተማርኩት ብቻዬን ነው፤ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ ከሚሸጥበት ጋራዥ ሴል በገዛሁት አሮጌ መዝገበ ቃላት፣ በቀን አንድ ገጽ። ከዚያ ሁሉ ገጽ ለሁንግ ይመጥናል ያልኩትን ቃል መርጬ ለቡድኑ፣ «ይህ ጨዋ ኦሪየንታል ሰው ነው» አልኩ። በመጽሐፌ ውስጥ የምሥራቅ አገር ሰው ማለት ነበር፤ ያማረ ቃል መሰለኝ። አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጄ ሰናይት ዓይኗን ጨፈነች። ሁንግ ፈገግ ብሎ ጓንቱን አጠለቀ።

በዚያ እሑድ ያየነውን ለማመን ማየት ያስፈልጋል። ያ አጭር ሰው ከአንዱ ቋሚ ወደ ሌላው እየበረረ ኳስ ሲለቅም፣ ተከላካዮቹን በማያውቁት ቋንቋ ሲያዝና እነሱም ሲታዘዙ አየሁ። ሊያልቅ ሲል ፔናሊቲ ተሰጠብን። ሁንግ መስመሩ ላይ ቆሞ አፈሩን በእግሩ ደልደል አደረገ፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ቀድሞ የሚወድቅበትን ያበጃል። ወደ ግራ ተወረወረ። ኳሷን አላወጣትም፤ ያዛት! ፔናሊቲ የሚይዝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ዳር የቆመው ሁሉ ሜዳ ገባ። ታደሰ ጀርባው ላይ ተንጠልጥሎ «ቻይና! ቻይና!» አለ። ሕዝቡ ተቀበለው። ስሙ እንዲህ ጸደቀ።

ሰኞ ጠዋት ሁንግ ክንዴን ይዞ ምንጣፎቹ መሃል ወሰደኝ። በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ በክር የተንጠለጠለ ካርቶን አለ፤ «ኦሪየንታል» የሚል ቃልና ዋጋው ተጽፎበታል። ሁንግ አንዱን ፈታና ሸሚዙ ቁልፍ ላይ አሰረው። ከዚያ በሁለት ጥቅሎች መካከል እጁን ከጎኑ አጣብቆ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ወርቁ፣ ስንት ነኝ?» አለኝ።

ሳቄ መጣ። እሱ ግን ሳይንቀሳቀስ ቆየ፤ እኔም ሳቄ ቀስ እያለ ጠፋ። ያኔ ካርቶኑን ፈትቶ መለሰው። «ለምንጣፍ ደህና ቃል ነው» አለ። «ለሰው ሲሆን ግን ከሩቅ የመጣ ዕቃ ያደርገዋል። አለቃችን ሲለኝ ዝም እላለሁ፤ ደመወዜን ይከፍለኛል። አንተ ወዳጄ ስለሆንክ ነው የምነግርህ።» ማታ መዝገበ ቃላቴን ገልጬ ከቃሉ ጎን በእርሳስ «ለዕቃ ብቻ» ብዬ ጻፍኩ። መጽሐፉ ዛሬም አለኝ። ልጆቼ፣ መጽሐፍ አክብሩ፤ ግን መጽሐፉ የሚናገርለት ሰው በሕይወት ካለ ሄዳችሁ እሱን ጠይቁት።

ታደሰ ያወጣው ስም ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። በቡድናችን ዋና ስሙን ይዞ የሚጫወት ሰው የለም። ቀጥ ብሎ ብቻ የሚሮጠው ባቡር ነው፤ ሆዱ የተነፋው ጎማ፤ ጉልበቱን በፋሻ ሳይጠቀልል የማይገባው ዶክተር። ታደሰ ራሱ ሬዲዮ ነው። ሁንግ ሁለት ሦስት ጨዋታ ታገሠና፣ አገሩ ቻይና ሳይሆን ቬትናም መሆኑን ለልጆቹ እንድነግርለት ጠየቀኝ። ለታደሰ ነገርኩት።

«ጋሽ ወርቁ ደግሞ፣ በፍቅር እኮ ነው» አለ ታደሰ። «እኔን ሬዲዮ ሲሉኝ ተቀይሜ አውቃለሁ? ቻይና ማለትስ ምን ነውር አለው? የቻይና ሸራ አድርገን አይደል እንዴ ኳስ የጀመርነው? ሻያችንስ ከቻይና ፔርሙዝ አይደል ሲቀዳልን የኖረው?»

ክርክሩ ለጊዜው አሸነፈኝ። ለሁንግ እንዳለ አደረስኩለት። ሁንግ ከባድ ጥቅል በትከሻው ይዞ ስለነበር አውርዶ፣ አቧራውን አራግፎ ነው የመለሰው። «ፔርሙዝ እናት የለውም» አለ። «ለእኔ ግን እናቴ ስም አውጥታልኛለች።»

ይህንንም ለታደሰ ነገርኩት፤ ሳቀና «የዓመቱ ምርጥ አባባል» አለ። እያሸነፍን ነበር። ሲያሸንፉ ማን ማንን ያዳምጣል? በየእሑዱ ዳር የሚቆመው ሰው ጨመረ። የመጠጥ ማቀዝቀዣ ሣጥንና ወንበር ይዘው ከፎርት ወርዝ ድረስ የሚመጡ ነበሩ። ሁንግ ከጨዋታ በኋላ ሕፃናቱን በየተራ ጎል ላይ እያቆመ፣ «ኳሷን አትፍሩ፤ ኳሷ ለስላሳ ናት» እያለ ያስተምራቸዋል። ሕፃናቱም «ቻይና፣ ለእኔ! ቻይና፣ ለእኔ!» ይሉታል።

የበጋው ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ነሐሴ ውስጥ ዋለ፤ አስፋልቱ የጫማ ሶል በሚያቀልጥበት ሰሞን። እኔ ማኪኒ ምንጣፍ ሳደርስ ስለዘገየሁ ከሰናይት ጋር የደረስነው ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ነው። ፓርክ አድርጌ ስወርድ መጀመሪያ ያየሁት አዳዲስ ማልያ ነበር። ታደሰ ማንንም ሳያማክር ለሁሉም የቅጽል ስሙ በአማርኛ ፊደል የተጻፈበት ማልያ አሳትሞ አመጣ። የሜዳው ተጫዋቾች አረንጓዴ፤ ሁንግ ጥቁር። ከሩቅ ጀርባውን አየሁት፤ ነጭ ፊደል፣ ትልልቅ፦ ቻይና።

ሁንግ እንደዚያ ቀን ተጫውቶ አያውቅም። በእረፍት ሰዓት ሁለት ለዜሮ እየመራን ነበር። ላብ እየተንጠባጠበበት፣ ፊቱ እያበራ በቀጥታ ወደ ሰናይት ሮጦ መጣና ጀርባውን አዞረላት።

«አንቺ ፊደሉን ትችያለሽ። አንብቢልኝ፤ ስሜን እንዴት አድርገው እንደጻፉት ልስማ» አላት።

ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ በየቅዳሜው፣ እያለቀሰችም ቢሆን። እንዳትዋሽ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። ዞር ብላ አየችኝ።

«ቻ… ይ… ና» አለች።

የቀለደችበት መስሎት ሳቀ። እንደገና በደንብ እንድታነበው ነገራት። እንደገና አነበበች፤ ድምጿ ግን አነሰ። ሁንግ «አመሰግናለሁ» ብሎ፣ ትከሻዋን ነካ አድርጎ ወደ ጎሉ ተመለሰ።

ከእረፍት በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል ምንም እንዳልሆነ ተጫወተ። ተጋጣሚዎቻችን እኛ በጅምላ ሜክሲኮ የምንላቸው፣ በኋላ ስጠይቅ ግን ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ልጆች ነበሩ። የእነሱ አጥቂ ብቻውን አምልጦ በቅርብ መታ። ሁንግ በደረቱ መልሶ፣ ተነጥፎ ከእግሩ ሥር ነጠቀው። ሕዝቡ አበደ። «ቻይና! ቻይና! ቻይና!»

ሁንግ ኳሷን አቅፎ ተነሣ። ወደ እኛ ለጥቂት ጊዜ አየ። ከዚያ ኳሷን እግሩ ሥር በቀስታ አስቀመጣት። ጓንቱን አወለቀ። ማልያውን አወለቀ፤ መጋዘን ውስጥ ምንጣፍ እንደምናጥፈው ሦስት ቦታ አጥፎ መስመሩ ላይ አኖረው። በካናቴራ ብቻ ሆኖ ከሜዳው ወጣ።

አጥቂው ኳሷን አየ፣ ዳኛውን አየ፣ የሚሄደውን ሰው አየ። ከዚያ እንደማፈር ብሎ ኳሷን በጫማው ጫፍ ነካ አደረጋት። ገባች። ሁለት ለአንድ። የሚጮኽ አልነበረም። ዳር ሆና ፎቶ ስታነሳ የነበረችው ላን ካሜራዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ባሏን ተከተለችው። በአጠገቤ ሲያልፍ ሁንግ «ነገ ሥራ ላይ እንገናኝ» ብቻ አለኝ።

ታደሰ ራሱ በረኛ ሆኖ ቆሞ ውጤቱ ሳይለወጥ አለቀ። ለፍጻሜ አለፍን፤ እጅ የተጨባበጠ ግን አላየሁም። የቡድኑ ወሬ አንድ ብቻ ሆነ፦ ሁንግ እሑድ ይመጣል ወይስ አይመጣም?

በመኪና ስንመለስ ሰናይት በትምህርት ቤት ልጆች ምን እንደሚሏት አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት።

«ቀጭን ሰው ካዩ ‹ኢትዮጵያዊ መሰልክ› ይላሉ። ምሳው የተረፈው ልጅ ካለ ‹ለኢትዮጵያዊቷ ስጧት› ይላል። ማለቴ፣ ክፉ ሆነው አይደለም አባዬ። ጓደኞቼ ናቸው፣ ይወዱኛል። ሶ አብሬ እስቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁልጊዜ።»

ነዳጅ ማደያ ገብቼ መኪናውን አቆምኩ። የታደሰ ክርክር እዚያ ማደያ ውስጥ ፈረሰ። በፍቅር ማለት በቂ ቢሆን ኖሮ ልጄ ቤት ገብታ ትነግረኝ ነበር እንጂ ዓመታት አትደብቀኝም።

በማግስቱ ይህንኑ ለታደሰ፣ ታክሲውን ካቆመበት ሄጄ ነገርኩት። ሬዲዮው ጠፋ። ሰናይትን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቃታል፤ በትከሻው ተሸክሟታል። የታክሲውን በር ቆልፎ፣ «ጋሽ ወርቁ፣ ሽማግሌ ሁነህ ውሰደኝ» አለኝ።

ጋርላንድ ወደሚገኘው የሁንግ ቤት አብረን ሄድን። ላን በሩን ከፍታ ወንበር አሳየችን። አልተቀመጥንም። ሻይ አመጣች፤ አልነካንም። ወንበሩ ቆሽሾ የተጸየፍን መስሏት በፎጣ ጠረገችው። አሁንም ቆምን። ሁንግ ከውስጥ ወጥቶ ሁለታችንን ከእግር እስከ ራስ አየንና ወንበሩ ምን እንዳደረገን ጠየቀ። በአገራችን ለእርቅ የመጣ ሰው እሺታ ሳያገኝ እንደማይቀመጥ አስረዳሁት።

«እሺ ካላልኩስ?»

«እንደቆምን እንውላለን» አልኩ።

«እንግዲያው ትንሽ ቁሙ» አለና እሱ ተቀመጠ። ሻዩን መጠጣት ጀመረ።

ጥቂት አልቆምንም። ምንጣፍ ሲሸከም የኖረ እግር አለኝ፤ መኪና ላይ ተቀምጦ የሚውለው ታደሰ ግን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እግሩ ይቆም ጀመር። በመጨረሻ ሁንግ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«በዚህ አገር ያየኝ ሁሉ የመሰለውን ይለኛል» አለ። «ጃፓን ይለኛል፣ ቻይና ይለኛል፣ ኦሪየንታል ይለኛል። አልቆጣም፤ አያውቀኝም። እናንተ ግን ታውቁኛላችሁ። ልጆቻችሁን ኳስ አስተምራለሁ። ያንን ማልያ ስቀበል ስሜ መስሎኝ ለላን ‹ፎቶ አንሺኝ› ብያታለሁ።»

ታደሰ በአማርኛ ተናገረ፤ እኔ አስተረጎምኩ። «ጋሼ፣ ለባቡር ስም ያወጣሁለት ሲሮጥ አይቼ ነው። ለጎማም ሆዱን አይቼ ነው። ለእርስዎ ግን ኳስ ሳይነኩ፣ ከመኪና ሲወርዱ ፊትዎን አይቼ ነው ያወጣሁት። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ሁሉ እያየሁ እንኳ አልቀየርኩትም። አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ሁንግ መጀመሪያ ላይ ያለው ቃል ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ጋሼ ማለት ታላቅ ወንድም፣ የሚከበር ሰው ማለት ነው አልኩት። በቋንቋቸው ለላን ነገራት፤ ላን አፏን ይዛ ሳቀች። ለካ በእነሱም ዘንድ ታናሽ ታላቁን በባዶ ስሙ አይጠራም፤ ከስሙ በፊት «አንህ» ይላል፣ ታላቅ ወንድም። የኖርነው እንዲህ ተቀራርበን ነው፤ አንዳችንም አላወቅንም።

«ተቀመጡ» አለ ሁንግ።

የፍጻሜው እሑድ ሁንግ ስም የሌለው አሮጌ ሹራቡን ለብሶ መጣ። ሲገባ ሕዝቡ ምን ብሎ እንደሚጠራው ግራ ገብቶት ዝም አለ። ለወትሮው ጩኸት የማትወደው ሰናይት ወንበር ላይ ቆማ ብቻዋን «ጋሽ ሁንግ!» አለች። ሕፃናቱ ተከተሏት። ከዚያ ባቡር፣ ከዚያ ጎማ፣ ከዚያ ከፎርት ወርዝ የመጡት ሁሉ። «ጋሽ ሁንግ! ጋሽ ሁንግ!» ዛፉ ላይ የነበሩት ወፎች ተነሡ። እኔም ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኽኩ።

አሸነፍን ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ልጆቼን ውሸት አላስተምርም፤ ተሸነፍን። አንድ ለአንድ አልቆ በፔናሊቲ፣ ሁንግ ሁለት መልሶ፣ የእኛዎቹ ሦስት ስተው። የመጨረሻውን የሳተው ታደሰ ነው። ሕዝቡ ግን ሜዳ ገብቶ በረኛውን ትከሻ ላይ አወጣው። ያሸነፉንና ዋንጫውን የያዙት ናይጄሪያውያን ቆመው ሲያዩን፣ አንዱ ዳኛውን «ያሸነፈው ማን ነው?» ብሎ እንደጠየቀ ሰምቻለሁ።

ትናንት ጋርላንድ፣ የሁንግ ሥርዓተ ቀብር ላይ፣ ከፎቶግራፉ ጎን ጥቁር ማልያ ተሰቅሎ ነበር። የልጅ ልጆቹ ጽሑፉ ምን እንደሚል ጠየቁ። አሁን ዩኒቨርሲቲ የገባችው ሰናይት በጣቷ እያሳየች አነበበችላቸው፤ «ጋሽ… ሁንግ»። እንደገና በይልን አሏት፤ እንደገና አለችላቸው።

ያንን ማልያ ያሳተምነው ከፍጻሜው በኋላ ነው። ታደሰ ሙሉውን ልክፈል አለ። ጎማ ግን፣ «የጮኽነው ሁላችንም ነን፤ የምንከፍለውም ሁላችንም ነን» ብሎ ባርኔጣውን አዞረ። ዐሥራ ሰባት ሆነን አንዳንድ ዶላር ጣልን። ባርኔጣው ሁንግ ጋ ሲደርስ፣ አይሆንም እያልነው፣ ስሙ የእሱ ስለሆነ ድርሻውን እንደሚከፍል ተናግሮ አንድ ዶላር ጨመረ። ጠቅላላ ዋጋው ከነኅትመቱ ዐሥራ ስምንት ዶላር ነበር።